ቅሬያችንን ለቀቅ አድርጉልን

ሰሞኑን አንድ ሰባኪ እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ በአንድ ደብር የሠርክ ጉባኤ ላይ የተናገሩት ነገር ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። «ክርስቲያን ከሙስሊም ጋር አንድ ቅሬ መግባት የለበትም፣ የራሳችንን እናቋቁም» ነው ያሉት። ቅሬ ማለት ጎረቤት ተሰባስቦ ሟቹን የሚቀብርበት፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ማኅበር ነው። ማስረጃቸው ደግሞ ከማያምኑ ጋር አትጠመዱ የሚለው የጳውሎስ ቃል ነው። ይበልጥ ያናደደኝ እልል የተባለላቸው መሆኑ ነው።

መቃብር መቆፈር ነው መጠመድ? ድንኳን መትከል ነው? ጳውሎስ እዚያው ምዕራፍ ላይ የሚያነሳው የጣዖትን ጉዳይ ነው። ቅሬ ውስጥ ማን የማንን አምላክ አመለከ? ክርስቲያን ሲሞት ፍትሐቱን ካህናት ያደርሳሉ፣ ሙስሊም ሲሞት ሼሁ ያሰግዳሉ። እርዱ እንኳ ለየብቻ ነው። የወሎ ሰው ድንበሩን ያውቃል፣ አስተማሪ አልጠራም።

«እምነታችን ይበረዛል» ማለታቸው ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ ዛሬም አለ። ግሸን ማርያም መስከረም 21 በመጣ ቁጥር በምእመን ትጥለቀለቃለች። ሁለቱም ለዘመናት ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ኖረዋል። ጉርብትና እምነት የሚያጠፋ ቢሆን ሰባኪው ቆመው የተናገሩበት ዐውደ ምሕረት ራሱ ባልኖረ!

መጽሐፍ ቅዱስ ይጠቀስ ከተባለ ዘፍጥረት 23 ይነበብ። ሣራ ሞተች፣ አብርሃም መቀበሪያ አልነበረውም። ወደ ማን ሄደ? ወደ ኬጢ ልጆች፣ የእሱን አምላክ ወደማያመልኩት። እኔ በእናንተ መካከል ስደተኛ ነኝ ብሎ ለመናቸው። ቃል ኪዳን የተቀበለው፣ የሃይማኖት አባት የምንለው ሰው ተነሥቶ ሰገደላቸው። እነሱም የወደድከው መቃብር ያንተ ነው አሉት፤ ኤፍሮን እርሻውንም ዋሻውንም በነፃ ውሰድ ሲለው ግን አብርሃም እምቢ ብሎ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። ትሕትናውም፣ አብሮ መኖሩም፣ የሰው ሐቅ አለመብላቱም እዚያ አንድ ምዕራፍ ውስጥ አለ፣ ያውም በቀብር ጉዳይ። ታዲያ አብርሃም እምነቱ ተበረዘ? ሰባኪው ያኔ ቢኖሩ አብርሃምንም ሊገሥጹት ነበር ማለት ነው።

ቅሬ እኮ የክርስትና ትምህርት በተግባር የሚታይበት ቦታ ነው። ነጋዴውም ዘበኛውም እኩል አካፋ ይይዛል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ሀብታም ነህ ተብሎ የሚታለፍ የለም። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሬሳ ያነሳ ሰው መጀመሪያ የሟቹን ሃይማኖት ይጠይቅ ነበር? ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን በጸሎተ ሐሙስ እያሰብን፣ በማግስቱ ከጎረቤት ጋር አካፋ መያዝ ካስጸየፈን ምኑን አሰብነው?

ቅሬዎቻችን ችግር የለባቸውም አልልም፤ የገንዘብ አያያዛቸው የሚያጨቃጭቅ አለ። እሱ ግን በኦዲት ይስተካከላል እንጂ በመገንጠል አይደለም።

የደብሩ ሰበካ ጉባኤም ዝም ማለት የለበትም። ንግግሩ የተነገረው በዐውደ ምሕረት ላይ ነው፣ ማስተካከያውም እዚያው፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ ይነገር። ለአዲሱ ቅሬ ስም እያስመዘገባችሁ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር መልሱልኝ፤ በነባሩ ቅሬ ውስጥ ያሉትን፣ ልጅ የሌላቸውንና መዋጮ የሚያጥራቸውን እማማዎች፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ማን ይቀብራቸዋል? ይህን ሳትመልሱ አትፈርሙ።