የቻይንኛ ቀልድ አንጎል ውስጥ የራሱ መንገድ አለው?

ጥያቄው አጭር ነው። ቻይንኛ ተናጋሪ በቃላት ቀልድ ሲስቅ አንጎሉ የሚሠራው ከሌላው ሰው በተለየ መንገድ ነው?

አዎ ባይ

ቻይናዎች «ኮንፊሽየስ ቤት ሲቀይር» ብለው ዝም ይላሉ። ቀሪውን ሰሚው ይሞላዋል፦ «ጓዙ ሁሉ መጽሐፍ!» መጽሐፍ በቻይንኛ «ሹ» ነው። መሸነፍም «ሹ» ነው። ቃናው፣ ማለትም የድምፁ መውጣትና መውረድ፣ እንኳ አይለይም፤ የሚለዩት ሲጻፉ ነው። ስለዚህ «ሁሉም ሽንፈት!» ተብሎም ይሰማል። የሚሳቀው ታዲያ በፈላስፋው ሳይሆን ሁሌ በሚሸነፈው ቡድን ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

የማንዳሪን ክፍለ ቃላት ግን ቃና ሳይቆጠር 400 ገደማ ብቻ ናቸው። ተናጋሪው ከልጅነቱ ጀምሮ «የትኛው ነው?» እያለ ሲመርጥ ይውላል። እንዲህ የተገራ አንጎል ቀልድን እንደማንም ያስተናግዳል ቢሉኝ አልዋጥልኝ ይላል።

አይደለም ባይ

እህቴ፣ ምሳሌዎ ይጥማል። ግን የነገሩን ስለ ቋንቋው ነው፤ አንጎሉን አላሳዩንም።

ታይዋናዊቷ ዩ-ቼን ቻንና ባልደረቦቿ ቻይንኛ ተናጋሪዎችን የአንጎልን ሥራ በምስል በሚያሳየው ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ቀልድ አስነበቡ። በ2013 የወጣው ጥናታቸው ዘዴ ደስ ይላል። ከቀልዱ ጎን መጨረሻው ትርጉም የለሽ የሆነ ጽሑፍ አስገቡ። ትርጉም የለሹ ግራ አጋብቶ ይተዋል፤ ቀልዱ ግራ አጋብቶ ይፈታል። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ግራ መጋባቱና መፍታቱ ተለያዩ። ነገሩ አልገጥም ሲል በቀኝ በኩል በጆሮ አካባቢ ያለው ክፍል በረታ። ሲገጥም ደግሞ ሥራው ወደ ግራ ግንባር ላይኛ ክፍል አለፈ።

መጀመሪያ ግራ መጋባት፣ ከዚያ መፍታት። የሥነ ልቦና ሰዎች ይህን በ1970ዎቹ ብለውታል፤ ያኔ ቻይንኛን ማን አሰበው?

አዎ ባይ

ወንድሜ፣ «አስነበቡ» ያሉት ላይ ያዝኩዎት። «ሹ» ስክሪን ላይ ሲጻፍ ፊደሉ አስቀድሞ «መጽሐፍ ነኝ» ይላል። አንባቢው ወደ ድምፅ መልሶ ነው ሽንፈቱን የሚያገኘው። ሲሰማ ግን ሁለቱም እኩል ይመጡበታል።

የቀልዱ ዓይነትም ቀላል ነገር አይደለም። ተመራማሪዎቹ ጎኤልና ዶላን በ2001 በትርጉም የሚያስቀውንና በድምፅ የሚያስቀውን ለይተው ፈትነዋል። የትርጉሙ ቀልድ ከጆሮ በላይ ያሉትን ክፍሎች በሁለቱም ጎን ቀሰቀሰ። የድምፁ ቀልድ ድምፅ ወደሚያቀናብረው የግራ ክፍል አደላ። በድምፅ ቀልድ የተሞላ ቋንቋ ያለው ሰው የትኛውን መንገድ ደጋግሞ የሚረግጥ ይመስልዎታል?

አይደለም ባይ

ምስክርዎን ወሰድኩት! እነዚያ ሰዎች ቀልዱን የሰሙት በእንግሊዝኛ ነው። መንገዱን የለየው የቀልዱ ዓይነት ነው፤ ቻይና እዚያ የለችበትም። ደግሞም ሁለቱ ቀልዶች መጨረሻቸው አንድ ነው፦ ማሳቁን የሚመዝነው የግንባር ታችኛ ክፍል።

ደጋግሞ መርገጥ ያሉት ፍጥነት ይጨምር ይሆናል። ሌላ መንገድ ግን አይከፍትም።

አንድ ነገር ልጨምር። በቻይናዋ ቲያንጂን ከተማ ሻይ ቤት ውስጥ ሺያንግሼንግ የተባለው የመድረክ ቀልድ ሲቀርብ አንዱ ቀልዱን ይነዳል፣ ሌላው «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለ ያቀብላል፣ ታዳሚው ይንጫጫል። ኤምአርአይ ውስጥ ያለው ሰው ግን ብቻውን ነው። ማሽኑ ይጮኻል። ከልቡ ቢስቅ ራሱ ስለሚነቃነቅ ምስሉ ይበላሻል። የሁለታችንም ማስረጃ የመጣው ሳቁን ከሚያፍን ሰው ነው። ልዩነት አለ የሚል ግን እርስዎ ነዎት፤ ማሳየቱም የእርስዎ ዕዳ ነው።