አማላጁም፣ ደመኛውም፣ ሙሽራውም አንድ ሰው

ቬሮና የሄደ ሐበሻ «የጁልየት ቤት» በሚባለው ግቢ፣ ሰገነቱ ሥር ፎቶ ሳይነሣ አይመለስም። ሰገነቱ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለጎብኚ ተብሎ የተገጠመ ነው። ጣሊያኖቹ እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 1830 በቬኒስ ላ ፌኒቼ ቴአትር ለመድረክ ባበቁት የቪንቼንዞ ቤሊኒ ኦፔራ፣ የሮሜዮንና የጁልየትን ታሪክ በሚተርከው «ኢ ካፑሌቲ ኤ ኢ ሞንቴኪ» ውስጥም ሰገነት የሚባል ነገር የለም። መጋረጃው ሲገለጥ ልጆቹ ከተዋደዱ ቆይተዋል። ግጥሙን የጻፈው ፌሊቼ ሮማኒ ታሪኩን የቀዳው ከራሳቸው ከጣሊያኖቹ ነው፤ ጠቡም የሁለት ጎረቤታሞች ሳይሆን የጉዌልፍና የጊቤሊን (የጳጳሱና የንጉሠ ነገሥቱ ደጋፊ) ጎራዎች ጦርነት ነው። የሼክስፒርን እንግሊዝኛ ተውኔት ጠብቆ የገባ ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ግራ ይጋባል።

ሀገር ቤት ያደገ ተመልካች ግን ወዲያው የሚታዘበው ነገር አለ። በመጀመሪያው ገቢር የጉዌልፎቹ አለቃ፣ የጁልየታ (የጁልየት) አባት ካፔሊዮ ዘንድ የሰላም መልእክተኛ ይመጣል። ሮሜዮ የካፔሊዮን ወንድ ልጅ በውጊያ ገድሎበታል። መልእክተኛውም ማንም መልኩን ያልለየው ሮሜዮ ራሱ ነው! «ሮሜዮ ልጅህን የገደለው በጦር ሜዳ ነው፤ ዛሬም ያለቅስለታል፤ በእሱ ፋንታ ጌታዬን ልጅ አድርገው፣ ጁልየታንም ዳርለት» ይላል።

ሐሳቡ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ በእኛም ሀገር ደም በካሳ ደርቋል፣ በጋብቻም ታስሯል። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ገዳይ በመጀመሪያ ከሟች ወገን ዓይን ይርቃል። ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰዎች ይገባሉ፤ በወሎ ይህ የአበጋሮች ሥራ ነው። የሟች ቤተሰብ መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ እምቢታው የሚጠበቅ ስለሆነ ማንም አይቀየምም። ሽማግሌ ይመላለሳል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ መሐላ ይፈጸማል። ጋብቻ የሚታሰብ ከሆነ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሮሜዮ ይህን ሁሉ በአንድ ዜማ ሊጨርስ ይነሣል። ካፔሊዮም «ሌላ ልጅማ አግኝቻለሁ» ብሎ ይመልስለታል፤ ያ ልጅ ደሙን ሊመልስለት የማለው፣ ጁልየታም የታጨችለት ቴባልዶ ነው። አስታራቂ ሆኖ የመጣው ሰው እዚያው ቆሞ ስለሚበቀለው ሰይፍ መዝፈን ይጀምራል።

ጥፋቱ የሮሜዮ ብቻ አይደለም። የዚያ ዘመን አሪያ (በኦፔራ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን የሚዘፍነው ዜማ) አሠራር ያስገድደዋል፦ ቀርፋፋና ለስላሳ ክፍል ይቀድማል፣ መሐል ላይ አንድ ነገር ይደርሳል፣ ከዚያ ካባሌታ የሚባለው ፈጣን ክፍል ይከተላል። ልመናው ቀርፋፋው ክፍል ነው፣ ዛቻው ካባሌታው። ሽማግሌ ሦስቴ አራቴ የሚመላለስበት ቦታ በዚህ አሠራር ውስጥ የለም። እዚህ አውሮፓ ያለነው ትዳር ሲናጋ እንኳ ሽማግሌ በስልክ ማሰባሰብ የለመድን ሰዎች ስለሆንን፣ «ምነው አንድ ትልቅ ሰው ጠፋ?» ማለታችን አይቀርም።

ጁልየታ ግን አትከፋም። ሮሜዮ እንጥፋ ሲላት ግዴታና ክብር ይይዘኛል ትላለች፤ ይህን ለመረዳት ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገንም። ከመግባቷ በፊት ብቻውን የሚነፋውን ሆርን የሚባል የነሐስ መሣሪያ ልብ ብላችሁ ስሙት። የሚቀጥለውን ዜማዋን ቤሊኒ ከተማሪነቱ ኦፔራ ነው ያመጣው፤ ሥራውን በስድስት ሳምንት ገደማ ስለጨረሰው፣ በ1829 ፓርማ ላይ ከወደቀበት ኦፔራው «ዛይራ»ም ብዙ ወስዷል።

ሮሜዮን የምትዘፍነው ሴት ናት፣ ሜዞ ሶፕራኖ (መካከለኛ የሴት ድምፅ)። የእኛ ቴአትር ሲጀምር ወንድ ሴት ሆኖ ይጫወት ነበር፤ እዚህ ተገላቢጦሽ ነው። የኦርኬስትራ መሪው ክላውዲዮ አባዶ በ1966 በሚላኖው ላ ስካላ ቴአትር ድርሻውን ለቴነር (ከፍ ላለ የወንድ ድምፅ) ሰጥቶት ነበር፤ በእኔ ፍርድ አላዋጣም። ሁለቱ የሴት ድምፆች ተጠጋግተው እንዲሄዱ የተጻፈውን፣ የቴነር ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያደርገውና ክፍተት ይፈጥራል። በመጀመሪያው ገቢር መዝጊያ ፍቅረኞቹ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል አንዱን ዜማ እኩል የሚይዙበት ቦታ አለ። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ በርሊዮዝ በ1831 ፍሎሬንስ ላይ ኦፔራውን ሰምቶ ሲያጣጥል እንኳ ይህን ቦታ አድንቋል።

በሁለተኛው ገቢር ሮሜዮና ቴባልዶ ሰይፍ ተማዘው ሊተላለቁ ሲሉ የጁልየታ አስከሬን ታጅቦ ይመጣል፤ የማስተኛ መድኃኒት ወስዳ እንጂ አልሞተችም፣ እነሱ ግን አያውቁም። ሁለቱም ሰይፋቸውን ይጥላሉ። ለቅሶ ሲመጣ ጠብ መቆሙን እኛም እናውቀዋለን።

መቃብሩ ላይ ያለው መዝጊያ ደግሞ ዘፋኞችን ሲያስኮርፍ ኖሯል። ሮሜዮ መርዙን ከጠጣ በኋላ የሚቀረው ቁርጥራጭ ቃል ነው፤ ድምፅ ማሳያ፣ ጭብጨባ ማግኛ የለውም። ዘፋኟ ማሪያ ማሊብራን በ1832 ቦሎኛ ላይ ይህን ቆርጣ አውጥታ፣ ኒኮላ ቫካይ በ1825 በዚሁ ታሪክ ላይ ከሠራው ኦፔራ መዝጊያውን አምጥታ ተካችበት። ልማዱም ለዓመታት ቀጠለ። ቅጂ ስትመርጡ ጁልየታ ከነቃች በኋላ ያለው በቤሊኒ ድርሰት መሆኑን አረጋግጡ።

በመጨረሻ ካፔሊዮ ገብቶ «ማን ገደላቸው?» ሲል «አንተ ነህ፣ ጨካኙ!» ይሉታል፤ ከሚሉት አንዱ ሐኪሙ ሎሬንዞ ነው። ሎሬንዞ የቤቱ ሰው ነው፣ የሁለቱን ምስጢር ከመነሻው ያውቃል፣ የማስተኛውንም መድኃኒት የሰጠው እሱ ነው። ካፔሊዮ ጠርጥሮ ስላስጠበቀው መልእክቱ ሮሜዮ ዘንድ አልደረሰም፤ እስከዚያ ድረስ ግን አፉን የያዘው ሰው አልነበረም። እኛ ዘንድ ሸንጎ ቢቀመጥ ከካፔሊዮ ቀጥሎ የሚጠየቀው እሱ ነበር።