«መቁጠር አትችሉም?» ስለተባልሁበት ባር

«እናንተ ሰዎች እስከ አራት መቁጠር አትችሉም?» የሚለውን መልእክት ካነበብሁ ወዲህ ንዴቱ አልበረደልኝም። የላኩት እኛ የምንሠራውን የሙዚቃ ኖታ መጻፊያ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰው ናቸው። ጉዳዩ በሙዚቃቸው ውስጥ ያለው ሃያ ሦስተኛው ባር ነው፤ ባር የምንለው የኖታው መስመር በምት ብዛት የሚከፋፈልበትን ክፍል ነው። አራት ሩብ ኖታ መያዝ ያለበትን ባር ፕሮግራማችን «ከልኩ አልፏል» ብሎ የመጨረሻውን ኖታ ወደ ቀጣዩ ባር ይገፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሙዚቃ በሙሉ ቦታውን ይስታል። ልምምድ ለደረሰበት ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያበሳጭ አውቃለሁ፤ ስለ መበሳጨታቸው ቅር አላለኝም።

ቅር ያሰኘኝ ከዚያ በፊት የነበረው ሁለት ሳምንት ነው። የመጀመሪያው መልእክታቸው «አይሠራም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። «እባክዎ ፋይሉን ይላኩልኝ፤ የትኛውን እትም እንደሚጠቀሙም ይንገሩኝ» ብዬ ጻፍሁ። የመጣልኝ በስልክ የተነሣ የስክሪን ፎቶ ነው፤ ግማሹን የመብራት ነጸብራቅ ሸፍኖታል። ደግሜ ጠየቅሁ፤ ሌላ ፎቶ መጣ። በስንት ልመና ፋይሉ ሲደርሰኝ፣ ከላይ የጠቀስሁት ጥያቄ አብሮት ደረሰ።

ሌሊቱን ሙሉ የሚዩዚክ ኤክስኤምኤል ፋይሉን መስመር በመስመር አነበብሁት፤ ሚዩዚክ ኤክስኤምኤል ኖታ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚተላለፍበት የፋይል ዓይነት ነው። ፋይሉ አንድን ሩብ ኖታ በ480 ቅንጣት ይቆጥራል። በሦስተኛው ምት ላይ፣ በአንድ ሩብ ኖታ ጊዜ ውስጥ የሚጫወቱ ሰባት ፈጣን ኖታዎች አሉ። 480 ደግሞ ለሰባት እኩል አይካፈልም፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 68.57 ገደማ ነው። ፋይሉን ያወጣው ፕሮግራም፣ ስሙን አልጠራም፣ እያንዳንዱን ወደ 69 አጠጋግቶ ጽፎታል። ሰባት ጊዜ 69 ደግሞ 483 ነው። 1920 ቅንጣት መሆን የነበረበት ባር 1923 የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሩቡን ኖታ በ480 ፋንታ በ3360 ቢቆጥረው ኖሮ ለእያንዳንዱ ኖታ ልክ 480 ይደርሰው ነበር፤ አንዲት ቅንጣት አትተርፍም፣ አትጎድልም። እኛ ጊዜን የምንይዘው በክፍልፋይ ነው፤ ከሰባቱ ኖታዎች አንዱ ለእኛ የሙሉ ኖታ አንድ ሃያ ስምንተኛ ነው፣ ሰባቱ ሲደመሩም ልክ ሩብ ይሆናሉ። መቁጠር አትችሉም የተባልነው እንግዲህ እኛ ነን!

ይህን ሁሉ በትሕትና ዘርዝሬ ብጽፍላቸው የመጣው መልስ ይህ ነው፦ «ሌላው ፕሮግራም ያለ ምንም ችግር ይከፍተዋል። ሒሳቡን ለራሳችሁ ያዙት፤ የእናንተ ሥራ ነጥብ በመስመር ላይ ማስቀመጥ ነው።»

ነጥብ በመስመር ላይ ማስቀመጥ! ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ባለፈው ዓመትም ኮድ በመጻፍ ከሚተዳደር ሰው ሰምቼዋለሁ፣ ያን ጊዜ ዝም አልሁ። ግማሽ ኖታ የሩብ ኖታን ሁለት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ በገጽ ላይ ግን ሁለት እጥፍ ቦታ ከተሰጠው መስመሩ ተቦዳድሶ ዐይንን ያደናቅፋል፤ ስለዚህ ከእጥፍ ያነሰ ቦታ ይሰጠዋል፣ ምን ያህል እንደሚያንስ ደግሞ አጠገቡ ያሉት ሁሉ ይወስናሉ። በአንድ ኮርድ (አብረው በሚጫወቱ ኖታዎች) ላይ ድምፅን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ሻርፕና ፍላት የሚባሉ ምልክቶች አራት ሆነው ቢደራረቡ፣ እርስ በርስ ሳይነካኩ ከኖታው ሳይርቁም መደርደር አለባቸው። ኖታዎች ተያይዘው እንዲጫወቱ የሚያመለክተው፣ ስለር የምንለው ቅስት ከሁሉም የከፋ ነው፤ አንዱን ከኖታ ግንድ ላይ አንሥቼ ባስተካክል፣ ለዓመታት ደህና የነበሩ ሌሎች ገጾች ላይ ያሉ ቅስቶች ይጎብጣሉ፤ እነዚያን አንድ በአንድ በዐይኔ የማመሳክረው እኔው ነኝ። ሥራው በደንብ ሲሠራ ማንም አያየውም፤ ተጫዋቹ ያነባል፣ ይጫወታል፣ ገጹን ይገልጣል። እንዲህ ሲሆን ማየት ስለምወድ ነው እስካሁን የቆየሁት።

የፋይል ጉዳይ ደግሞ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው ፊናሌ የተባለው የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ልማቱ መቆሙ ሲታወጅ፣ የብዙ ሰዎች የዕድሜ ልክ ሥራ ወደ ሌላ ፕሮግራም መሻገር ግድ ሆነበት። የመሻገሪያው ድልድይ ይኸው ሚዩዚክ ኤክስኤምኤል ነው። ሦስት ቅንጣት ስትተርፍ ዝም ብሎ ማለፍ ለጊዜው ሰውን ያስደስታል፤ ነገር ግን ስህተቷ በፋይሉ ውስጥ ተደብቃ ትቀመጥና፣ ሌላ ሰው ከዓመታት በኋላ ሲከፍተው ትወጣለች።

የሆነ ሆኖ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ አስተካክዬዋለሁ። ፕሮግራሙ የተጠጋጋውን ቁጥር ማመኑን ትቶ፣ ፋይሉ ውስጥ «ሰባት በአራት ቦታ» የሚለውን ምልክት አንብቦ ትክክለኛውን ርዝመት ራሱ ያሰላል። ምልክቱ የሌለባቸው ፋይሎችም አሉ፤ እነሱን ምን እንደማደርጋቸው ገና አላወቅሁም።

ሰውየው ሞክረውታል። «አሁን ሠራ። ድሮም እንዲህ ማድረግ ነበረባችሁ። ግን ገጽ 9 ላይ ያለው ቅስት ተጣሟል» ብለዋል። ፋይሉን እንዲልኩልኝ ጠይቄያቸው ነበር፤ አሁን ፎቶ ደረሰኝ።