ማስተካከያ፦ ስለ ወርቃማዋ መርዛማ እንቁራሪት

ለድሬዳዋ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበባት በተሰራጨው ጽሑፍ፣ ወርቃማዋ እንቁራሪት መርዟን ራሷ እንደምትሠራ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር የሚታዩት ጉርጦች መርዝም የእሷው ዓይነት እንደሆነ ተገልጿል። ሁለቱም ስህተት ነው።

5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትሆነው ይህች እንቁራሪት የምትገኘው በኮሎምቢያ የፓስፊክ ጠረፍ ደን ነው። ባትራኮቶክሲን የተባለውን መርዝ የምታገኘው ከምትበላቸው ነፍሳት ነው፤ ሰው ቤት ተፈልፍላ ያደገች መርዝ የላትም። መርዙ የነርቭና የልብ ጡንቻ ሕዋሳት የሶዲየም መተላለፊያ እንዳይዘጋ ያደርጋል፤ ልብ የሚቆመውም በዚህ ነው።

የእኛ ጉርጥ ግን መርዙን እዚያው ቆዳው ውስጥ ይሠራል። ከዓይኑ ኋላ ያለው ዕጢ ሲጫኑት ወተት መሰል ፈሳሽ ይወጣዋል። ልጆች፣ ከነካችሁት ዓይናችሁን ሳታሹ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ውሻ ጉርጡን ከነከሰ የውሻውን አፍ ወደ ታች አዘንብላችሁ በውሃ እጠቡለት፤ ቀና ካለ መርዙን ይውጠዋል።