ቴሌቪዥን አላችሁ ወይ?

አሁን ገና መውጣቴ ነው። አውቶቡስ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት እለፉኝ።

ያው የልጄ ዑልፓና ጉዳይ ነው፤ እዚህ እስራኤል የሃይማኖተኛ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት ማለት ነው፣ ለመግቢያ ቃለ መጠይቅ ሄደን። ጠያቂዋ ሴትዮ መጀመሪያ ቀሚሴን በዓይኗ ለካችው። አለፈ። እጅጌዬ ከክርኔ ይወርዳል፣ እሱም አለፈ። ሻሼ ላይ ትንሽ ቆየች። ከዚያ፦

"ቤታችሁ ቴሌቪዥን አለ?"

"አለ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መርዶ የተነገራት ነው የምትመስለው።

"ማነው የሚያየው?"

"እናቴ። የአማርኛ ድራማ።"

"ይሳሳማሉ?"

"ኧረ ወዲያ! በውርስ ሲጣሉ ነው የሚውሉት።"

ልጄ ሳቋ አመለጣት። ሴትዮዋ ግን ፍንክች የለም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እናንተ አገር ጽኒዑት ይታወቅ ነበር?" አለችኝ፤ የሴት ጨዋነት ማለቷ ነው። ልጄ ፊት!

ደሜ ፈላ። እናቴ እኮ ጎንደር እያለች የወር አበባዋ ሲመጣ ሰባት ቀን ከቤቷ ወጥታ የመርገም ጎጆ የምትቀመጥ ሴት ናት። እኔን ስትወልድ፣ ሴት ናት ተብሎ፣ 80 ቀን ተለይታ ወንዝ ወርዳ ታጥባ ነው ወደ ቤቷ የገባችው። በዚያ ብርድ! እሷን ነው እንግዲህ በድራማ የሚጠረጥሯት። ነገሩ የቆየ ነው። ከእስራኤል ዋና ራቢዎች አንዱ የነበሩት ራብ ዖቫዲያ ዮሴፍ በ1973 እ.ኤ.አ. እኛን ቤተ እስራኤሎችን "ይሁዲ ናቸው" ብለው ከፈረዱ በኋላ እንኳ "ውኃ ውስጥ ካልጠለቃችሁ አንቀበላችሁም" እየተባለ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ረባኑት (የራቢዎቹ ጽሕፈት ቤት) ደጅ ላይ ስንት ቀን ውለው አድረዋል።

እኔ እኮ ልክስክስ ፕሮግራም ይታይ አላልኩም። ያንን ሪያሊቲ የሚሉትን ጉድ ሲጀምር ሪሞቱን የምደብቀው እኔው ነኝ። ይህንን ግን ማን ይጠይቃል? ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም።

ጎረቤቴ ቴሌቪዥን የላትም፣ እውነት ነው። ላፕቶፕ አላት፣ "ለሥራ"። ሌሊት በግድግዳው የሚሰማኝ የቱርክ ድራማ ለቅሶ የምን ሥራ እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ልጇ ግን ገብታለች። ስለ ላፕቶፕ የጠየቃት የለማ!

በ2015 እ.ኤ.አ. የፓሪሱ ፀረ ሽብር ሰልፍ ጊዜ አንድ የሐረዲ (የአክራሪ ኦርቶዶክስ ይሁዲዎች) ጋዜጣ አንጌላ ሜርክልን ሴት ናት ብሎ ከመሪዎቹ ፎቶ ላይ አጥፍቷት የለ? ኮት ለብሳ! እነዚህ የዑልፓናው ሰዎች ሐረዲ አይደሉም፣ ግን እየተንፏቀቁ ወደዚያው ናቸው። ያኔ ጀርመንን ትመራ የነበረች ሴት ካልተረፈች፣ ሲግድ በዓላችን ሲመጣ እስክስታ የምትመታዋ የኔዋማ አለቀላት።

መጨረሻ ላይ "ልጅቷ ስማርት ስልክ አትይዝም፣ እቤትም ባይኖር ይመረጣል" የሚል ወረቀት ሰጠችኝ። ፈረምኩ። ምን ላድርግ፣ ሰፈራችን ውስጥ ሌላ ዑልፓና የለ። ውጤቱን መቼ እሰማለሁ ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

"በዋትሳፕ እንልክልሻለን።"