ትንሽ ከተማ ለቧንቧና ለመንገድ ትበደር ወይስ እያጠራቀመች ትሥራ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ ሠላሳ ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት እንበል፣ ዋናው የውሃ መስመር አርጅቷል፣ መንገዱ ተቦርቡሯል፣ ከዓመቱ ገቢ ደመወዝና ነዳጅ ተከፍሎ የሚተርፈው ደግሞ ትንሽ ነው። ታዲያ ትልቅ ሥራ ሲመጣባት ተበድራ አሁኑኑ ትሥራው ወይስ በየዓመቱ እያስቀመጠች ባቅሟ ትሂድ? በዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ፣ አንዷ የውሃ ኢንጂነር ናት፣ ሌላው በማዘጋጃ ቤት በጀት ላይ ዓመታት የሠራ የፋይናንስ ሰው ነው። ተራ በተራ ይጻፉ ተባለ፣ ጻፉ።

ኢንጂነሯ፦

እኔ ትበደር ነው የምለው። ከቧንቧ ልጀምር፣ ምክንያቱም ስለ ከተማ በጀት ሲወራ ሁሌ ወረቀቱ ይወራና መሬት ውስጥ ያለው ይረሳል። አንዴ የፈነዳ መስመር ልንጠግን ቆፍረን ያወጣነውን የብረት ቧንቧ በመጋዝ ቆርጠን አየነው። ከውጭ ስታየው የተጨበጠ እጅ የሚያስገባ ነው፣ ውስጡን ግን ቡናማ የዝገት ቅርፊት ዙሪያውን ግጥም አድርጎ ይዞት ሁለት ጣቴ ብቻ ነው የገባው። ፓምፑ በዛች ቀዳዳ ውሃ ለማሳለፍ ሌት ተቀን ሲታገል ኖሯል፣ የመብራት ሒሳቡ ለምን እንደሚጨምር ግራ ሲገባን የከረምነው ለካ መልሱ እዛ ነበር። ያ መስመር ይቀየር ተብሎ በየዓመቱ የበጀት ጥያቄ ውስጥ ይገባል፣ በየዓመቱ ለከርሞ ይሁን ተብሎ ይወጣል።

አሁን አስቡት፣ በደንብ የተቀበረ ቧንቧ ሃምሳ ዓመት ይኖራል፣ ከዛም በላይ የሚኖር አለ። ዘንድሮ ያለው ነዋሪ ሙሉ ዋጋውን ከኪሱ አውጥቶ ለሃምሳ ዓመት የሚያገለግል ነገር ይሥራ ማለት ገና ያልተወለደው ሁሉ በነፃ ይጠቀም ማለት ነው፣ ነዋሪው ደግሞ አቅም ስለሌለው አይሠራውም፣ ስለዚህ ማንም አይጠቀምም። ብድር ይሄንን ነው የሚፈታው። 10 ሚሊዮን በ6 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ብትበደር በዓመት የምትከፍለው ወደ 872 ሺህ ነው። ውሃውን የሚጠጣው ሰው በሚጠጣበት ዓመት ከታሪፉ ላይ ይከፍለዋል። ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ ነገር አላውቅም።

የፋይናንሱ ሰው፦

እህቴ የቧንቧውን ነገር አልከራከርሽም፣ እውነት ነው። ግን 872 ሺሁን በ20 አባዢው፣ 17.4 ሚሊዮን ነው። ለ10 ሚሊዮን ሥራ 7.4 ሚሊዮን ወለድ። ለትልቅ ከተማ ይሄ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለትንሽ ከተማ ግን የሌላ መስመር ሦስት አራተኛው ያህል ማለት ነው እኮ።

ከወለዱ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። አበዳሪ ከሁሉም ቀድሞ ነው የሚከፈለው። ገቢ ሲቀንስ፣ አንድ ትልቅ ግብር ከፋይ ሲዘጋ ወይ ከበላይ መንግሥት የሚመጣው ድጎማ ሲዘገይ፣ ከተማዋ ብድሩን ቀረብኝ ማለት አትችልም፣ ደመወዝም አትቀንስም፣ ስለዚህ የምትቆርጠው ጥገናውን ነው። በብድር የተሠራው አዲሱ መንገድ ጥገና አጥቶ ሲፈርስ ብድሩ ገና አሥራ ምናምን ዓመት ይቀረዋል።

ይሄ ደግሞ ወሬ አይደለም። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ያለችው ሃሪስበርግ ሃምሳ ሺህ ያህል ሰው ያላት ከተማ ናት። የቆሻሻ ማቃጠያ ፋብሪካዋን ለማሳደስ ተበደረች፣ ያ አልበቃ ሲል እንደገና ተበደረች፣ ከተማዋ በጠቅላላ ገቢዋ ዋስ ገባች፣ ፋብሪካው ግን ያስገባል የተባለውን አላስገባም። ዕዳው 300 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ደረሰ፣ በፈረንጆቹ 2011 የከተማዋ ምክር ቤት ኪሳራ ላውጅ ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ፣ እሱንም ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፣ በመጨረሻ ማቃጠያው ተሸጠ፣ የመኪና ማቆሚያዎቿም ለረጅም ዓመት ለሌላ ተላለፉ። የዛን ጊዜ ለብድሩ ድምፅ የሰጡት የምክር ቤት አባላት ክፉ ሰዎች ነበሩ አልልም፣ የቀረበላቸው የገቢ ግምት ጥሩ ነበር፣ የተበዳሪ ግምት ሁሌም ጥሩ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

ኢንጂነሯ፦

ሃሪስበርግን ስታነሳ አንድ ነገር ዘለልክ። እዛ ችግሩ ከተማዋ መበደሯ ብቻ አልነበረም፣ የማይሠራ ማሽን ላይ ደጋግማ መበደሯና ፕሮጀክቱ ካልከፈለ እኔ አለሁ ብላ ዋስ መግባቷ ነው። ከራሱ ከፕሮጀክቱ ገቢ ብቻ የሚከፈል ብድርና ከተማዋ ሙሉ ገቢዋን የምታስይዝበት ብድር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደሞ ቧንቧ ማቃጠያ አይደለም። ሰው ውሃ መጠጣት አይተውም።

አንተ ወለዱን አባዛህልኝ፣ እኔ ደግሞ መጠበቁን ላባዛልህ። የግንባታ ዋጋ በዓመት 6 በመቶ ቢጨምር፣ ብዙ ቦታ ከዛም በላይ ነው የሚጨምረው፣ የዛሬው 10 ሚሊዮን ሥራ ከ10 ዓመት በኋላ 17.9 ሚሊዮን ይሆናል። ተበድረህ በ20 ዓመት ከምትከፍለው በላይ ማለት ነው፣ በዛ ላይ አሥር ዓመት ሙሉ ያለ ውሃ። የፈሰሰው ውሃ፣ ፓምፑ የበላው መብራት፣ በፈነዳ ቁጥር የሚቆፈረው አስፋልት አልተቆጠረም። የደቡብ አፍሪካ የመንገድ ኤጀንሲ ግምት አለ፣ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፣ መንገድ ሦስት ዓመት ሳይጠገን ቢቆይ ማስተካከያው የጥገናውን ስድስት እጥፍ፣ አምስት ዓመት ቢቆይ 18 እጥፍ ያስወጣል ይላል። አልተበደርንም ብለን ደረታችንን ስንነፋ ዕዳው አስፋልቱ ውስጥ ነው የሚጠራቀመው፣ ወለዱም ከባንክ ይብሳል።

የፋይናንሱ ሰው፦

ያ ቁጥር እኮ የኔ ክርክር ነው! በጊዜው ጠግኑ ነው የሚለው። ጥገና ደግሞ ከመደበኛ በጀት ነው የሚወጣው፣ በየዓመቱ ከራስ ገቢ። ለጥገና የሚበደር ከተማ ካለ መጨረሻው ደርሷል ማለት ነው።

ደግሞ ሒሳብሽ ላይ እያጠራቀመች ያለች ከተማ ገንዘቧን ትራስ ሥር አታስቀምጥም፣ እሱም ይወልዳል፣ ከግንባታ ዋጋው ሊያንስ ይችላል ግን ባዶ አይደለም። ደግሞስ ማን ነው አሥር ዓመት ጠብቂና በአንድ ቀን ሥሪ ያለው? ዘንድሮ በጣም የተጎዳውን ሰፈር፣ ለከርሞ ቀጥሎ ያለውን። አሥር ዓመት ሲሞላ መስመሩ ሁሉ ተቀይሯል፣ ለማንም ዕዳ የለም፣ ያ በየዓመቱ ሲመደብ የነበረ ገንዘብም ልማድ ሆኖ ቀርቷል፣ ወደ መንገዱ ይዞራል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይሄ ልቤን የሚያቃጥለኝ ነው። የአምስት ዓመት የካፒታል ዕቅድ፣ የትልልቅ ግንባታዎች ዕቅድ ማለቴ ነው፣ ሲሠራ ኤክሴል ላይ ሰንጠረዥ አለ አይደል፣ የፕሮጀክት ስም፣ ጠቅላላ ወጪ፣ የገንዘብ ምንጭ፣ አንደኛ ዓመት ሁለተኛ ዓመት እያለ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ካለቀ በኋላ የዓመት ሥራ ማስኬጃው ስንት ነው የሚል ዓምድ አለ። በሠራሁባቸው ዓመታት ካየኋቸው ሰንጠረዦች ውስጥ ያ ዓምድ በሐቀኝነት ተሞልቶ ያየሁት በጣም ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ባዶ ነው ወይ ዜሮ ተጽፎበታል። ዜሮ! ሕንፃ ጥበቃ የለውም? መብራት የለውም? ጣሪያው አያፈስም? በድጎማ የተሠራ ጤና ጣቢያ በሩ ተቆልፎ አልጋዎቹ ላስቲካቸው ሳይቀደድ አቧራ ሲጠጡ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ምክንያቱም ግንባታውን የሚከፍል ተገኘ፣ ነርሷን የሚከፍል ግን አልተገኘም። ብድር ሲመጣ ደግሞ ይብሳል፣ ገንዘቡ አለ ስለዚህ እንጠቀምበት ይባላል፣ ዝርዝሩ ላይ አሥራ ሁለተኛ የነበረው ድንገት አንደኛ ይሆናል።

ኢንጂነሯ፦

ይሄን ሙሉ በሙሉ እቀበልሃለሁ፣ ሥራ ማስኬጃው ያልተጻፈ ፕሮጀክት ከዝርዝሩ ይውጣ፣ በብድርም ይሁን በቁጠባ። ግን ተቆልፎ የቀረው ጤና ጣቢያ በድጎማ ነው የተሠራው አልክ፣ እንደዛ ከሆነ ያበላሸው ብድር አይደለም፣ ዕቅድ ማጣት ነው። እንዲያውም የሚበደር ሰው ይመረመራል፣ አበዳሪ ኦዲት አሳየኝ፣ ታሪፍህ ወጪህን ይሸፍናል ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ በድጎማ የሚሠራን ከተማ ግን እንደዛ አጥብቆ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ የለም።

በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ የሚለው ለማከፋፈያ መስመር ይሠራል፣ እኔም እንደዛ አደርገዋለሁ። ማጣሪያ ጣቢያ ግን ግማሹ አይሠራም። ድልድይ ግማሹ አያሻግርም። የውሃ ማጠራቀሚያ ዘንድሮ ወለሉን፣ ለከርሞ ግድግዳውን አትገነባም፣ ብትገነባም ኮንትራክተር በተመላለሰ ቁጥር ማሽን ለማምጣትና ለመመለስ ብቻ ታስከፍላለህ።

ትንሽ ከተማ ብቻዋን ስትበደር ወለዱ ይከብዳታል የምትለኝ ከሆነ ደግሞ ብቻዋን ለምን? በስዊድን በፈረንጆቹ 1986 በኦሬብሮ አካባቢ ያሉ ማዘጋጃ ቤቶች ተሰባስበው ኮሚዩንኢንቬስት የሚባል የጋራ ተበዳሪ አቋቋሙ፣ አንዱ ለሌላው ዋስ ነው፣ አሁን አብዛኛው የአገሪቱ ማዘጋጃ ቤት አባል ነው። ሀብታም አገር ስለሆነ ነው እንዳትለኝ፣ በሕንድ ታሚል ናዱ ውስጥም ከፈረንጆቹ 2000 በኋላ በነበሩት ዓመታት አንዳቸውም ብቻቸውን ቦንድ መሸጥ የማይችሉ ከአሥር በላይ ትናንሽ ከተሞች ለውሃና ለፍሳሽ በአንድ የጋራ ቦንድ ተበድረዋል።

የፋይናንሱ ሰው፦

የታሚል ናዱው ጥሩ ምሳሌ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ለምን እንደሠራ እንይ፣ ከተማዋ ካልከፈለች ከክልሉ መንግሥት ከሚላክላት ገንዘብ ላይ ቀድሞ እንዲቆረጥ ተደርጎ ነው፣ በዛ ላይ የውጭ ዋስትና ነበረው። እንደዛ ዓይነት አጥር ባለበት እሺ። አጥሩ በሌለበት ግን አንዷ ስትወድቅ ሌሎቹን ይዛ ትወድቃለች።

እኔ ከብድር በፊት ሌላ በር አለ ነው የምለው። መንገድ ሲወጣ ዳር ያለው ቦታ ዋጋው ያድጋል፣ ባለቤቱ ምንም ሳይሠራ። ከዛ ጭማሪ ላይ የተወሰነውን ለመንገዱ ይክፈል። ኮሎምቢያ ይሄን ከፈረንጆቹ 1921 ጀምሮ በሕግ ይዛዋለች፣ በርካታ መንገዶቿም እንደዛ ነው የተሠሩት። ወለድ የለው፣ አበዳሪ የለው።

ኢንጂነሯ፦

ይሄኛው ላይ ጠንከር ብዬ እቃወምሃለሁ። የቦታ ዋጋ የሚገምት ሰው፣ የይዞታ መዝገብ፣ ቅሬታ የሚሰማ አካል ይፈልጋል፣ ትንሽ ከተማ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎድላት እሱ ነው። ከዛ በላይ ግን መንገዱ ዋጋ ወደሚጨምርበት ሰፈር ነው የሚሄደው። ጭቃ ውስጥ ያለችው እናት ቤቷ ዋጋው የማያድግ ከሆነ ተራዋ መቼም አይደርስም። በብራዚል ፖርቶ አሌግሬ ከተማ ከፈረንጆቹ 1989 ጀምሮ ነዋሪው ራሱ በየሰፈሩ ተሰብስቦ የካፒታል በጀቱን ቅደም ተከተል ሲያወጣ ውሃና ፍሳሽ የሌለው ሰፈር ተጨማሪ ነጥብ እንዲያገኝ አድርገው ነበር፣ ማን ይክፈል የሚለው ብቻ ሳይሆን ማን ይቅደም የሚለውም የገንዘብ ጥያቄ ነው።

የፋይናንሱ ሰው፦

እሺ፣ ማን ይቅደም የሚለውን አልነፍግሽም። እንግዲያው ብድሩን ልቀበል፣ ቅድመ ሁኔታዬን ስሚ። የብድሩ ዘመን ከተሠራው ነገር ዕድሜ አይለፍ፣ በአሥር ዓመት ለሚያረጅ መኪና የ20 ዓመት ብድር አይወሰድ። ጥገናው ብድሩ በጸደቀበት ውሳኔ ላይ አብሮ ይጽደቅ። የዓመቱ ክፍያ ደግሞ ከተማዋ ራሷ ከምትሰበስበው ገቢ 10 በመቶ አይለፍ፣ ድጎማ አይቆጠርም፣ ድጎማ የሌላ ሰው ውሳኔ ነው።

ኢንጂነሯ፦

ሁለቱን ተስማምቻለሁ፣ የኔንም ጨምርልኝ፣ ሰንጠረዡ ላይ ካንተ ዓምድ አጠገብ ዘንድሮ ካልሠራነውስ ስንት ያስወጣናል የሚል ዓምድ ይግባ። በ10 በመቶው ግን አልስማማም። ከተማዋ በዓመት ራሷ የምትሰበስበው 6 ሚሊዮን ነው እንበል፣ ያንተ ጣሪያ 600 ሺህ ነው፣ የቧንቧው ክፍያ 872 ሺህ ነው። 15 በመቶ ብትለኝ 900 ሺህ ነው፣ ይሠራል። ባንተ ሒሳብ ቧንቧው ቀረ ማለት ነው።

የፋይናንሱ ሰው፦

አልቀረም። 6.8 ሚሊዮኑን ተበደሪ፣ ክፍያው 593 ሺህ አካባቢ ነው፣ ጣሪያው ሥር ይገባል። ዋናውን መስመር ሥሪበት። የቀረውን 3.2 ሚሊዮን በአራት በአምስት ዓመት ከቁጠባ።

ኢንጂነሯ፦

እሺ ወንድሜ፣ እዚህ ድረስ ከመጣህ ካርታውን አብረን እንክፈተው። ያ ለአምስት ዓመት የሚቆየው 3.2 ሚሊዮን የየትኛው ሰፈር ቧንቧ እንደሆነ አንተ ራስህ በእስክርቢቶ አክብብና አሳየኝ።