የቤተሰብ መኪናን ክብር ለጨረታ ገማች አንተውም

ሰሞኑን አንድ የአሮጌ መኪና ጨረታ ገማች በአንድ የመኪና ፕሮግራም ላይ ቀርቦ «የቤተሰብ መኪና ታረጃለች እንጂ ክላሲክ አትሆንም» ሲል ሰማነው። ለምን ሲባልም አልተቸገረም፤ «በሚሊዮን የተመረተ ነገር ብርቅ ሊሆን አይችልም» አለና ወደ ቀይዋ ስፖርት መኪናው ወሬ ተመለሰ። አቅራቢውም ራሱን እየነቀነቀ አሳለፈው። እኔ ግን አላሳልፈውም።

በሚሊዮን መመረት ነውር ከሆነ እስቲ ከፎርድ ሞዴል ቲ እንጀምር። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ተሠርታለች (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከክላሲክ መኪኖች ሰልፍ ሞዴል ቲን «አንቺ ዞር በይ» የሚል ደፋር ካለ ይምጣና እንየው። የመጨረሻዋ ቮልስ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ስትወጣ ቁጥሯ ከ21 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ሚኒ ከ5 ሚሊዮን በላይ፣ ሬኖ 4 ከ8 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። ሁሉም ልጅና ዕቃ ለማመላለስ የተሠሩ የቤተሰብ መኪኖች ናቸው፣ ሁሉም ዛሬ ገማቹ ድምፁን አሳምሮ የሚያጫርታቸው ናቸው። እንግዲህ ወይ ሙያውን አያውቅም፣ ወይ አድማጩን ንቋል።

ብርቅነት የሚቆጠረው ከፋብሪካ በር ላይ አይደለም። ከ30 ዓመት በኋላ ስንት ቀረ ተብሎ ነው። እዚያ ላይ ሲደረስ ደግሞ ተራዋ መኪና ከማንም በላይ ተጎጂ ናት፤ የምትጎዳውም በተራነቷ ነው። ስፖርት መኪና ከተገዛችበት ቀን ጀምሮ የበዓል ናት። ትሸፈናለች፣ ትወለወላለች፣ ባለቤቷ ሲሰለቻት እንኳ ሌላ አፍቃሪ አታጣም። የቤተሰብ መኪና ግን ሥራ ላይ ናት። ጧት ልጆች፣ ቀን ዕቃ፣ ማታ ሽማግሌ ታመላልሳለች። የኋላ ወንበሯ ላይ ወተት ፈሶባታል፤ ፖርታባጋሊዮዋ ላይ ቁም ሣጥን ተጭኖባታል። ከአባት ለልጅ፣ ከታላቅ ለታናሽ ስትተላለፍ መንዳት የሚለማመደው ሁሉ ፍሪሲዮኗን ይጨርሰዋል። ዝገት ላሜራዋን ከሥር ሲበላው የሚያየው የለም፤ ቢያይም «ለዚች መኪና ምን አደከመኝ» ይላል።

ከዚያ አደገኛው ዕድሜ ይመጣል፤ ከ15 እስከ 25 ዓመት ያለው። መካኒኩ የነገረን የጥገና ሒሳብ ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል። አሮጌ ናት እንዳይባል የሚያስከብር ዕድሜ የላትም፤ አዲስ ናት እንዳይባል ፍሬቻዋ በፕላስተር ታስሯል። ሚሊዮኖቹ የሚያልቁት እዚህ ላይ ነው።

መንግሥታትም ገፍተው አግዘዋል። በ2009 ጀርመን ቢያንስ 9 ዓመት የሞላትን መኪና ጥሎ አዲስ ለሚገዛ ሰው 2,500 ዩሮ ትሰጥ ነበር፤ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖች በዚያ ሰበብ ሄዱ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ወደ 700,000 የሚጠጉትን አስወገደች። አወጋገዱም ጭካኔ ነበረበት፦ ሞተሩ ዘይቱ ተቀድቶ በምትኩ ሶዲየም ሲሊኬት የሚባል፣ ሲሞቅ እንደ መስታወት የሚደርቅ ኬሚካል ይሞላበትና ጨርሶ እስኪቆም ድረስ እንዲሠራ ይደረግ ነበር፣ ማንም መልሶ እንዳያስነሳው። ሕጉ ግን 25 ዓመት የሞላቸውን አልነካም። ልብ በሉ፤ አዋጁን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ከአንድ ዕድሜ በኋላ ተራዋም መኪና መከበር እንዳለባት ገብቷቸዋል። ለገማቹ ብቻ አልገባውም።

ፊያት 124ን ውሰዱ። በ1966 የወጣችው ባለ አራት በሯ በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ የተሸለመች፣ ኋላም ለላዳ እናት የሆነች የቤተሰብ መኪና ናት። በዚያው ስም የጣልያኑ የመኪና ንድፍ ቤት ፒኒንፋሪና የነደፋት ጣሪያዋ የሚታጠፍ ስፓይደርም ነበረች። ስፓይደሯ 200,000 ገደማ ተሠራች፤ ባለ አራት በሯ ከ1 ሚሊዮን በላይ። ዛሬ ግን ስፓይደሯን ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ከቀለም ቀለም ያማርጣል፤ ያልተነካካች ባለ አራት በር የጣልያን 124 የሚፈልግ ጫማውን ይጨርሳል። በሚሊዮን የተመረተ ብርቅ አይሆንም የሚለውን እስቲ ለዚህ ሰው ንገሩት።

የባሰም አለ። ከሞት የተረፈችውን ተራ መኪና ራሳቸው «አፍቃሪዎች» ይበሏታል። የ1970ዎቹን ባለ ሁለት በር ፎርድ ኤስኮርት አንድ ጡረተኛ 30 ዓመት ጠብቆ ካቆያት በኋላ የሚገዛት ሰው ወንበሯን ነቅሎ፣ መከላከያ ብረት ውስጧ ገጥሞ፣ የራሊ መኪና ቅጂ ያደርጋታል። ተራዋ ሚኒም የስፖርቷን ሚኒ፣ ኩፐርን መስላ ትወጣለች። ከዚያ ያው ሰው ዞሮ «ተራዎቹ እኮ የሉም» ይልሃል። ዓይን አውጣነት ማለት ይህ ነው።

መለዋወጫውም ለስፖርቷ ያደላል። ለእንግሊዟ ስፖርት መኪና ለኤምጂቢ ከ1988 ጀምሮ ሙሉ ቦዲ እንደ አዲስ እየተሠራ ይሸጣል። የኤምጂቢን ሞተር የተጋራችው የቤተሰብ መኪና ሞሪስ ማሪና ግን የሞተር ዕቃ ብታገኝም ለክሩስኮቷና ለወንበሯ ጨርቅ የሚያዝንላት ፋብሪካ የለም። የሚገርመው፣ ሰው ተሰልፎ ፎቶ የሚነሣባት ስፖርት መኪና ሎተስ ኤስፕሪ በመጀመሪያ ዓመቶቿ የምትከፈተው በማሪና የበር እጀታ ነበር። የማሪናን እጀታ ይዞ ማሪናን መናቅ!

ታዲያ መቼ ነው ክላሲክ የምትሆነው? ለእኔ መልሱ አንድ ነው። የጥገናዋ ሒሳብ ከዋጋዋ በልጦ፣ ባለቤቷ ያን እያወቀ «ይሁን፣ ሥራት» ያለ ቀን። ከዚያ በፊት ዕቃ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ቅርስ ናት። ስፖርት መኪና ይህን ፈተና ተፈትና አታውቅም፤ ዋጋዋ ሁልጊዜ ያስታርቃታል። የበሰበሰች ሁሉ ክላሲክ ናት አላልኩም፤ ኮፈኗ ስር ዶሮ የምታሳድር ሬሳ ሬሳ ናት። ተጠብቃ የሄደችውን ግን በመልኳ ተራነት ማባረር ድፍን ድንቁርና ነው።

ዕድሜን የሙጥኝ የሚሉትም አላሳመኑኝም። ጣልያን በ20 ዓመት፣ ጀርመን በ30፣ እንግሊዝ በ40 ነው ታሪካዊ የሚሏት። የ25 ዓመት ፊያት ከቱሪን ተነሥታ ለንደን ብትገባ ክላሲክነቷን ጉምሩክ ይቀማታል ማለት ነው? ዓለም አቀፉ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ 30 ዓመት ይልና ከታሪኳ ጋር በሚስማማ ይዞታ ትጠበቅ ይላል፤ ይህን እሺ እላለሁ። ቀጥሎ ግን ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማትውል ትሁን ይላል። እዚህ ላይ ነው የምቃጠለው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው በማመላለስ የተከበረችን መኪና ለመከበር ከፈለግሽ ሥራ ፍቺ ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? በ34 ዓመቷ አሁንም ገበያ የምትሄድ ኮሮላ ጨርቅ ተሸፍና ከቆመችው የበለጠ ማስረጃ የላትም? ደንቡን የጻፉት ሰዎች ሁለተኛ መኪና ያላቸው ሰዎች መሆናቸው ያስታውቃል።

ነገሩ አጣዳፊ የሚሆነው ደግሞ አሁን በአደገኛው ዕድሜ ላይ ያሉት መኪኖች አሟሟታቸው ሌላ ስለሆነ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ብዙዎቹ ላሜራቸው ዚንክ የተቀባ ነው፤ እንደ ቀድሞዎቹ ቶሎ በዝገት አይሄዱም። የሚገድላቸው ኮምፒውተራቸው ነው። ካርቡራተር የሚፈታና የሚያጥብ መካኒክ የትም አለ፤ ለዚያ ዓመት ምርት ብቻ የተሠራች የሞተር መቆጣጠሪያ ሣጥን ስትቃጠል ግን ከሌላ ሬሳ ላይ መንቀል ነው፤ ሬሳውም ያልቃል። በ1997 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና የተባለችው ሬኖ ሴኒክ፣ ባለ ብዙ ልጅ ቤተሰብ ሁሉ የተሻማባት መኪና፣ አሁን በዚህ ሁኔታ ላይ ናት፤ «ውሰዱልኝ» ከሚባሉት መካከል ገብታለች። ገማቹ አንዷን እንኳ ከጋራዡ ጥግ ሊያቆም አይፈቅድም። የመጨረሻዎቹ አሥሩ ጨረታ ላይ የወጡ ዕለት ግን መዶሻውን ይዞ «ብርቅ ናት፣ ብርቅ ናት» የሚለው እሱ ነው።